ከልስኑ ሥር የቀረው ጽሕፈት

ስለዚያ ቤት ሁለት ጊዜ ተጠይቄአለሁ። ሁለቱንም ጊዜ መለስሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አልዋሸሁም። ያም ሆኖ የቤቱ ነገር ሲነሣ እስከ ዛሬ እጄን ነጠላዬ ውስጥ እከታለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ወሬ ስጀምር መንገዱን ታስረዝማለች ይሉኛል፤ ይበሉ፣ እናንተ ብቻ ታገሡኝ።

ቤቱ የከተማችን የመጀመሪያው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ከተማችን እንጅባራ ናት፤ የድሮ ሰው ቆሰበር ይላታል፤ እኔም አፌ የሚቀናው ቆሰበር ማለት ነው። ዛሬ ቤቱ በነበረበት ቦታ ባጃጆች ተደርድረው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ሾፌሮቹ ከጎማቸው ሥር ምን እንደነበረ አያውቁም። እኔ ግን የዚያን ቤት እያንዳንዷን ስንዝር አውቃታለሁ፤ በዓይኔ ሳይሆን በመዳፌ። የጠረግሁትም የለሰንሁትም እኔ ነኛ።

ሲሠራ ለመጽሐፍ ተብሎ አልነበረም። በንጉሡ ጊዜ አንድ የእህል ነጋዴ ገብስና ጤፍ ሊያከማችበት ነው ያቆመው። ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ማገሩ የአገራችን ቀርከሃ፣ ምርጊቱ ጭቃ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ደርግ ሲመጣ ተወረሰና የቀበሌ ሆነ። መሠረተ ትምህርት ተማሩበት፣ ስብሰባ ተቀመጡበት፣ ስኳር ታደለበት። መጻሕፍቱ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ከበሩ ፊት ለፊት የቀርከሃ ቅርጫት የሚሸጡ አንድ እማማ ናቸው። በአገውኛ የጀመሩትን ወሬ በአማርኛ ነበር የሚጨርሱት።

«እዚህ ቤት ውስጥ ‹ሀ› ብያለሁ» ይሉኝ ነበር። «ከ‹ሀ› ግን አላለፍሁም። አስተማሪው ዓይኑ ያምር ነበር፤ እሱን ሳይ ሰሌዳው ያመልጠኛል።»

«ኧረ እማማ!»

«ምን ኧረ ትያለሽ? አንችስ መጥረጊያ ይዘሽ ገብተሽ መጽሐፉን አይደል የምትሰርቂው?»

በአንድ ነገር ላይ ግን አይቀልዱም ነበር። የቤቱ የኋላ ግድግዳ ሲነሣ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «ነጋዴው ያን ግድግዳ ሁለት ጊዜ አፍርሶ ሠርቶታል። ከኋላ ያለው መሬት ውሃ ነበር። ልጆች ሆነን ከብት ያጠጣንበታል። ውሃ ቤቱን አይረሳም፣ ልጄ። አንድ ቀን ይመጣል።» እንዲህ ይሉና ቀርከሃቸውን መሰንጠቅ ይቀጥላሉ። ቢላዋው ቀርከሃው ላይ ሲሄድ የሚያወጣውን ያን ድምፅ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመጣበታለሁ።

እኔ የመጣሁት ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ካለች መንደር ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። አባታችን ሲያርፍ ታናሽ እህቴን ይዤ ከተማ ወጣሁ፤ እሷ እንድትማር፣ እኔ እንድሠራ። ባጃጅ ገና በገባበት፣ ኔትወርክ ለመያዝ ሰው ጉብታ ላይ በሚወጣበት ዘመን ነው። በቤተ መጻሕፍቱ የጽዳት ሥራ ተገኘልኝ። እህቴ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እኔ ዘንድ መጥታ ታነባለች። የምትቀመጠው ከኋላው ግድግዳ ሥር፣ በመስኮቱ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ነበር። መብራት ሲጠፋ፣ የማይጠፋበት ቀን ደግሞ ጥቂት ነው፣ ብርሃን ያለው እዚያ ብቻ ነበር። የአግዳሚው እንጨት ጎኑ በእሷ ቀሚስ ተወልውሎ ያበራ ነበር።

መጻሕፍቱን የሚጠብቁት ሰው ጋሼ ነበሩ። ሌላ ስም አልጠራላቸውም። ቀጭን፣ ረጅም፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማይለይ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው፣ መሃል ላይ ትተው ወደ ዘመናዊው ገቡ። ሰው ግን መተዋቸውን አላመነም። «ደብተራ ናቸው» ይባላል። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ማንም ሰምቶ አያውቅም፤ ያ ራሱ ያስፈራ ነበር። አንባቢ ሲገባ እጁን ያገላብጡና ያያሉ፤ ቆሻሻ ከሆነ በዓይናቸው ወደ ውሃው በርሜል ያመለክታሉ፤ በቃ። ተማሪው ሁሉ ይታዘዛል።

አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የቤቱ ሁሉ ልማድ ሆነ። የቆሰበርን ዝናብ የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳም። እኛ ጋ ክረምት ቶሎ ገብቶ ዘግይቶ ነው የሚወጣው፤ እርጥበቱ እንጨት ውስጥ ይገባል፣ ልብስ ውስጥ ይገባል፣ ወረቀት ውስጥ ይገባል። ጋሼ የተመለሰ መጽሐፍ ሲቀበሉ ከማየታቸው በፊት ያሸቱታል፤ ሻጋታውን በአፍንጫቸው ነው የሚያገኙት። ስለዚህ በዝናብ ወራት ደመናው ለጥቂት ጊዜ እንኳ ሲገለጥ ከበሩ ቆመው በቀስታ «ፀሐይ ወጣች» ይላሉ። ያኔ ማን አንባቢ ነው፣ ማን ተማሪ ነው የለም። ሁሉም የያዘውን መጽሐፍ፣ ከመደርደሪያውም አንድ እቅፍ ተሸክሞ ወደ ግቢው ይወጣል። እንደ በርበሬ ጆንያ ላይ እናሰጣቸዋለን። መጽሐፍ ተሰጥቶ አይታችኋል? ነፋሱ ገጹን ሲያገላብጥ የማይታይ ሰው የሚያነብ ይመስላል።

እኔም ማንበብ የተማርሁት በዚያ ስጥ ላይ ነው። የእህቴን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ይዤ፣ ፊደሉን ከመጻሕፍቱ ጀርባ ጋር እያስተያየሁ። ማንም አላስተማረኝም ብል ትዕቢት አይሁንብኝ፤ ጊዜ ያለው ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት ርእስ አነብ ነበር። በሦስተኛው አንድ ገጽ ሳነብ ምድጃ ላይ ያለው ሽሮ ያርርብኝ ጀመር።

ከዚያ ኮብልስቶኑ መጣ።

ከፊት ለፊታችን ያለው መንገድ ድንጋይ ሲነጠፍ ሁላችን እልል ብለናል። ጭቃው አበቃ ብለን። መንገዱ ግን ከፍ አለና የጎርፉ ቦይ ወደ እኛ ቤት ኋላ ዞረ። ጋሼ ለማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ጻፉ። አንድ ሰው መጥቶ ቦዩን አየና «እየታሰበበት ነው» ብሎ ሄደ። በዚያ ክረምት የኋላው ግድግዳ ከሥሩ ጠቆረ። እጄን ሳስደግፍበት ይቀዘቅዘኛል፤ የሬሳ ግንባር እንደመንካት ያለ ቅዝቃዜ። ሐምሌ ላይ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ ታየ። መጀመሪያ ፀጉር የወደቀበት መስሎኝ በጨርቅ ልጠርገው ሞከርሁ።

ከሳምንት በኋላ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ጽሕፈት አገኘሁ።

በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ ትንሽ። ስንጥቁን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን መስመር፣ ከመስመሩ አጠገብ ምልክቶች። ፊደል አውቃለሁ ባይ ነበርሁ፤ ይሄ ግን ፊደል አይደለም። ፊደል ይመስላል፤ ግን ከላይም ከታችም ጭረት አለው፣ እንደ ታሰረ። እንዲህ ያለ ነገር ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ልጅ ሳለሁ እናቴ አንገት ላይ የነበረው ክታብ ተቀዶ ውስጡ ሲታይ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መስመር፣ ሌላ ምልክት ከፊተኛው ዝቅ ብሎ ተጨመረ። ከዚያም ሌላ። አንድ ጠዋት ቀድሜ ስገባ ጋሼ ግድግዳው ሥር ተንበርክከዋል፤ መዳፋቸውን ስንጥቁ ላይ ለጥፈው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ጻፉ። እኔን ሲያዩ እርሳሳቸውን ወደ ጆሯቸው መለሱ። እኔም መጥረጊያዬን ይዤ ወደ ሌላው ጥግ ሄድሁ።

እማማን ጠርቼ አሳየኋቸው። አይተው ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ።

«ይሄ የደብተራ ነው» አሉ። «ግድግዳ ውስጥ ያለን ነገር የሚያስሩበት። ወይም የሚፈቱበት።»

«እህቴ እኮ እዚህ ሥር ነው የምትቀመጠው፣ እማማ!»

«እንግዲያው አስነሻታ!»

ለእህቴ ነገርኋት። ሳቀችብኝ። «አንች እኮ ማንበብ ከጀመርሽ ወዲህ ነው የባሰብሽ» አለችኝ። «ሌላ ቦታ ብርሃን የለም፤ ይሄ ጅብ ቢሆን እንኳ ተደግፌው አነባለሁ።» የሚቀጥለው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነበረባት። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ከሁለታችን አንዷ ከመጥረጊያ ታመልጣለች። ያንን ታውቃለች፣ አውቃለሁ።

ጋሼን ራሳቸውን አልጠይቅም ነበር ወይ? ይሄን ጥያቄ ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ። አልጠየቅሁም።

ጳጉሜ ገባች። በጳጉሜ የእኛ አገር ሴት ምን እንደምትሠራ ታውቃላችሁ። በተሰነጠቀ ግድግዳ አዲስ ዓመት መቀበል ነውር ነው፤ ደሃም ብትሆን ጭቃ አይጠፋም። ጭዱን ከጭቃው ጋር አቡክተሽ እስኪቦካ ታቆዪዋለሽ፣ እበቱን ትጨምሪያለሽ፣ ግድግዳሽን ትለስኛለሽ። ጋሼ ለበዓል ወደ አገራቸው ወረዱ፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ቀረ። የራሴን ቤት ጨርሼ ጭቃው ተረፈኝ።

እውነቱን ልናገር። ለበዓል ነው ያልሁት፤ ለበዓልም ነበር። ምልክቱንም ከእህቴ ራስ በላይ ማጥፋት ፈልጌ ነበር። ግን ሦስተኛ ነገር አለ። ጋሼ በጻፉት በዚያ ደብዳቤ ምክንያት ከበዓሉ በኋላ ኮሚቴ መጥቶ ቤቱን ያያል፣ አደገኛ ከሆነም ይዘጋል ተብሎ ነበር። ከተዘጋ ሥራዬ ይቀራል። መጻሕፍቱ መጋዘን ይገባሉ። እኔ ደግሞ ገና ግማሽ ያደረስሁት መጽሐፍ ነበረኝ፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ደብቄው። አትሳቁብኝ። ሰው ለመብላት ሲል ያደርጋል የሚባለውን፣ እኔ የአንድ መጽሐፍ መጨረሻ ለማየት ስል አደረግሁት።

ስንጥቁን በእንጨት ጫፍ ከፈት አድርጌ ጭቃ ጠቀጠቅሁበት። ከላዩ ለሰንሁት። ከዚያ በነጭ አፈር ቀባሁት። እጄን በውሃ እየነከርሁ ዳበስሁት፣ ዳበስሁት፣ እንደ ሕፃን ጀርባ እስኪለሰልስ። እንዲህ ያማረ ግድግዳ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። አንዱ ኢንጅነር ነው ተባለ። ጋሼ ከአገራቸው የተመለሱት በዚያው ቀን ጠዋት ስለሆነ በቀጥታ ይዘዋቸው ገቡ። እኔ በሩ ጥግ መጥረጊያ ይዤ ቆሜአለሁ።

«እዚህ ላይ ነው» አሉ ጋሼ፤ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ኢንጅነሩ ግድግዳውን አየ፣ በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ጋሼ፣ ይሄማ ከእኔ ቤት ግድግዳ ይሻላል!»

ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም። ወደ ግድግዳው ተጠግተው አሸተቱት፤ እንደ መጽሐፍ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልስኑን አንሡትና ሥሩን እዩት» አሉ ለሰዎቹ፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው።

«እንዴ! ልጅቱ ለበዓል ለፍታበት?» አለ አንዱ። «ጽዳቷ አንች ነሽ? እስቲ ንገሪን፤ እዚህ ላይ ስንጥቅ ነበር?»

የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው።

«ስንጥቅማ» አልሁ፣ «የትኛው የጭቃ ቤት ነው የሌለው?»

እንደገና ሳቁ። «ልክ ብላለች!» ብለው ጀርባዬን መታ መታ አድርገው ወጡ። ቤቱ አገልግሎቱን እንዲቀጥል፣ ኃላፊውም አንባቢ ከማስደንገጥ እንዲቆጠቡ የሚል ወረቀት መጣ።

ያን ቀን ከሰዓት ሁሉም ከሄደ በኋላ ጋሼ ጠሩኝ። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በጮኹ። ወረቀት አወጡና ያንን ምልክት ጻፉ።

«ይሄን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም፣ ጋሼ። ይፍቱኝ፣ ይማሩኝ፣ እኔ የ... የአስማት መስሎኝ...»

«አሥራ ሁለት ነው።»

ወረቀቱን አዙሬ አየሁት።

«ቁጥር ነው። የግእዝ ቁጥር። ከላይ ወሩ፣ ከታች ቀኑ። ስንጥቁ በዚያ ቀን የት እንደደረሰ። በሐምሌ ሁለት ጣት ወረደ፣ በነሐሴ አንድ ጋት። ኮሚቴው ያን ቢያይ ስንት ቀን እንደቀረው ራሱ ይቆጥር ነበር።» ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ የነበረው ሲቆጥሩ ነው። «ከእንግዲህ እኔና አንች ብቻ ነን የምናውቀው።»

ቤቴ ስገባ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አየሁት። ከእያንዳንዱ ቀን ጥግ ላይ፣ ትንሽ ሆኖ፣ ያው ምልክት አለ። ስንት ዓመት አጠገቡ ተኝቼ ተነሥቻለሁ።

ከዚያ በኋላ አግዳሚውን ከግድግዳው አራቅን። ጠዋት እናርቀዋለን፣ ከሰዓት ተማሪዎቹ ወደ መስኮቱ ይመልሱታል። ጋሼ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ አልመጣም። ሦስተኛም ጻፉ። ኅዳር ላይ ልስኔ ደረቀና ስንጥቁ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መንገድ ተመልሶ ታየ፤ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው። ጋሼ መንበርከክ አቅቷቸው ስለነበር አሁን የምጽፈው እኔ ሆንሁ። እሳቸው ከላይ ቆመው ቀኑን ይነግሩኛል፣ እኔ እቀርጸዋለሁ። ቁጥሩን እንዲያ ነው የተማርሁት፤ አንድ፣ አምስት፣ አሥር፣ ሃያ፤ በየሳምንቱ ወደ ወለሉ እየወረድሁ። ለእህቴ እውነቱን ነገርኋት። «ስለዚህ ለስነሽ የቀበርሽው አንች ነሽ?» አለችኝ፤ አሁን አልሳቀችም። ግን አግዳሚዋን አልተወችም። «ፈተናው እስኪያልፍ ብቻ ይቁም» አለች፤ ለግድግዳው ይሁን ለእኔ አላወቅሁም።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ፈተናው ሳምንት ቀርቶታል፤ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ተማሪ ነው። ቦዩ ሞልቶ ከኋላ ያለው መሬት ኩሬ ሆነ። እማማ በዚያ ጠዋት ቅርጫታቸውን ሰብስበው ወደ ማዶ ተሻገሩ። «ምነው እማማ?» ስላቸው በእጃቸው ብቻ ወደ ኋላ አመለከቱ።

ከሰዓት ነው፤ ወለሉን እየወለወልሁ ነበር። ከግድግዳው ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። የእማማ ቢላዋ ነበር የመሰለኝ፤ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ፤ ጠጠጠ... ጧ። ዝም አለ። እንደገና፤ ጧ። እማማ ግን ማዶ ናቸው። ቀና ስል ከአግዳሚው በላይ ያለው መደርደሪያ አንገቱን ዘንበል አድርጓል፣ ወሬ እንደሚያዳምጥ ሰው። ከሥሩ እህቴ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ታነባለች።

ምን ብዬ ልጩህ? ግድግዳው ሊወድቅ ነው ብል ዓመቱን ሙሉ ሲወድቅ ስለኖረ አይሰሙኝም፤ ቢሰሙኝም በሩ አንድ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ይረጋገጣሉ። አፌ ራሱ መረጠ።

«ፀሐይ ወጣች!» አልሁ።

ተማሪዎቹ ቀና አሉ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይደበድባል። አንዱ ሳቀ፤ «የት ነው የወጣችው፣ እትዬ? ጥሊሊ ከተማ?»

ጋሼ ከጠረጴዛቸው አዩኝ። መደርደሪያውን አዩ። ከዚያ ያ ድምፁ የማይሰማ ሰው ተነሥቶ፣ ቤቱ እስኪያስተጋባ ድረስ፣

«ፀሐይ ወጣች! መጽሐፍ! መጽሐፍ አውጡ!»

ልማድ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያን ቀን አየሁ። እያጉረመረሙ፣ እየሳቁ፣ ሁሉም የያዘውን ታቅፎ በመስመር ወጣ፤ አንዱ አንዱን ሳይገፋ፣ ለመጽሐፉ ሲሳሳ። ግቢው ውስጥ ዝናቡ ላይ ቆመው መጻሕፍቱን በጋቢና በጃኬታቸው ሸፍነው «አብደዋል እንዴ?» ይባባላሉ። እህቴ አልወጣችም። ማስታወሻ ደብተሮቿን ትሰበስባለች፤ አንድ በአንድ። በነጠላዋ ጎተትኋት፤ ነጠላው ተቀደደ፤ በክንዷ ያዝኋት። «ደብተሬን!» ትለኛለች። ጋሼ ከኋላችን ገብተው መደርደሪያውን በትከሻቸው ደገፉት። «ውሰጃት» አሉኝ፤ ድምፃቸው ወደ ቀድሞው ተመልሶ።

ደጁን ስንረግጥ ከኋላችን የመጣው ድምፅ እንደሚባለው ነጎድጓድ አይደለም። እንደ ከባድ እስትንፋስ ነው፤ አንድ ትልቅ እንስሳ ደክሞት ሲተኛ። ከዚያ እርጥብ አፈር ሸተተ። የኋላው ግድግዳ ሙሉውን ወደ ውስጥ ተኝቷል፤ አግዳሚው የለም። ጋሼን ከመደርደሪያው ሥር ሲያወጧቸው ነፍሳቸው አለች፤ ቀኝ እግራቸው ግን ከጉልበቱ በታች ዞሯል።

አንድም ተማሪ አልተነካም። ለዚህ ተመስገን እላለሁ፤ ያኔም ብያለሁ። ከተማው ግን ተመስገን ብሎ አልተወውም። በማግሥቱ ልጆች ከፍርስራሹ ውስጥ ጓል እያነሡ ነበር፤ ጓሉ ላይ ጽሕፈት አለ። ከልስኔ ሥር የነበረው የጋሼ፣ ከልስኔ በላይ የነበረው የእኔ። ማንም ለይቶ አላየውም። እስከ ማታ ድረስ ቆሰበር በሙሉ አንድ ወሬ ሆነ፤ ደብተራው በግድግዳው ላይ ደገሙበት። ፀሐይ ወጣች ሲሉ የነበረውስ? በዝናብ? ቀድመው ባያውቁ ኖሮ እንዴት አወቁ? እማማ ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ማዘጋጃ ቤት አስማት አይልም፤ ወረቀት ላይ የሚጻፍ አይደለም። እነሱ ያሉት «ኮሚቴው ደኅና ነው ብሎ ያረጋገጠውን ግድግዳ የሞነጫጨረና ለንብረት ጥንቃቄ ያላደረገ» ነው። ጠሩኝ። የፈተናው ዋዜማ ነበር፤ ያው የመጀመሪያው ቀን የሳቀው ሰው ነው የተቀመጠው። አሁን አይስቅም።

«ሰውዬው ግድግዳው ላይ ሲጽፉ አይተሻል?»

ሁለተኛው ጥያቄ።

እህቴ በማግሥቱ ፈተና ትገባለች። ሊሠራ በታሰበው አዲስ ቤተ መጻሕፍት የጽዳት ቦታ አለሽ ተብያለሁ። ስንጥቁን የቀበረው ማነው ቢባል እኔ ነኝ። ከጽሕፈቱ ግማሹ የማን እጅ ነው ቢባል የእኔ ነው።

«አዎ» አልሁ፤ «አይቻለሁ።»

ጻፈው። ቀጣዩን ጥያቄ ጠበቅሁ። ምን ነበር የሚጽፉት ቢለኝ እነግረው ነበር፤ እንደዚያ ነው ለራሴ የምለው። «በቃ፣ ሂጂ» አለኝ። ሄድሁ።

ጋሼ በጡረታ ተሰናበቱ። እግራቸው በቀርከሃ ተጠግኖ ወደ አገራቸው ሊገቡ ወደ ጥሊሊ በሚሄድ ሚኒባስ ሲሳፈሩ ሻንጣቸውን የያዝሁት እኔ ነኝ። ሌላ የሸኘ ሰው አልነበረም፤ ተሳፋሪዎቹም ከጎናቸው ላለመቀመጥ ይገፋፉ ነበር።

«ጋሼ፣ ሄጄ እውነቱን ልናገር?» አልኋቸው።

«እህትሽ ፈተናዋን ጨረሰች?»

«ዛሬ ከሰዓት አንድ ይቀራታል።»

«እንግዲያው ፈተናው ይለፍ።»

እንዲህ ባለ ታሪክ ሰውዬው ሲሄድ አንድ ነገር ሰጥቶ ይሄዳል፤ መጽሐፍ፣ እርሳስ፣ ምርቃት። ጋሼ ምንም አልሰጡኝም። እርሳሳቸው ጆሯቸው ላይ እንዳለች ሄዱ። እህቴ አለፈች። እኔ ይለፍ የተባለውን እስኪያልፍ ጠበቅሁ፤ ከዚያ በኋላም ጠበቅሁ። ከዓመት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ።

አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ብሎኬት ነው፤ ፎቅ አለው፣ ሰፊ መስኮት አለው። የጽዳቱን ቦታ አልወሰድሁም። አንባቢ ሆኜ ነው የምሄደው፤ ያን ግማሽ የቀረ መጽሐፍ ከፍርስራሹ ስላላገኘሁት ሌሎቹን አነባለሁ። ስገባ መጀመሪያ ግድግዳውን በመዳፌ እነካለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ። ባለፈው ሐምሌ፣ በሕፃናቱ ክፍል፣ ከመስኮቱ ጥግ አንድ ፀጉር ወድቆ አየሁ። በጨርቅ የሚጠረግ አልነበረም።

ለኃላፊው ነገርሁ። «ቀለሙ ነው የተሰነጠቀው፣ እማማ» አለኝ። አሁን እኔም እማማ ሆኛለሁ።

ስለዚህ እርሳስ ይዤ ሄድሁ። በስንጥቁ ጫፍ ላይ መስመር አደረግሁ፤ ከላይ ወሩን፣ ከታች ቀኑን። ጋሼ ያስተማሩኝ በዚያ ነውና እጄ በግእዝ ጻፈው። ቀና ስል የጽዳቷ ልጅ ባልዲዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ጽሕፈቱን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ።

«ነይ» አልኋት፤ «ምን እንደሆነ ላሳይሽ።»

«ግድ የለም፣ እማማ» አለችና ወደ ኋላዋ ሄደች፣ ጀርባዋን ሳትሰጠኝ።

በየሳምንቱ እየሄድሁ እጽፋለሁ። በየሳምንቱ ልጅቱ ስገባ ከክፍሉ ትወጣለች፤ ልነግራት ስጠጋ ታማትባለች። ትናንት ስሄድ ከደረጃው ሥር አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለምና አዲስ ብሩሽ ተቀምጦ አየሁ። ጳጉሜ ልትገባ ነው።